ሰው ሲቀመጥ የማይወዱት አዴ መድና

ሌላ ሰው ተቀምጦ ሲያዩ ራሳቸውን የሚያማቸው አንድ ሴትዮ በየሰፈሩ አይጠፉም። እርስዎም ሰፈር አሉ፤ የሉም ካሉ ገና አረፍ ስላላሉ ነው። አረፍ ባሉ ቁጥር ከየት መጡ ሳይባሉ ደጅዎ ላይ ቆመው፣ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ይላሉ። አላመመኝም ካሉ እንግዲያው ተነስ ይባላሉ። አሞኛል ካሉም ይብሱን ተነስ ይባላሉ።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የእንዲህ ያለ ሰው መከራው እጥፍ ነው። ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ከተማው በሙሉ ጋደም የሚልበት አገር ነዋ። ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ጥላ ሥር ይቆማል፣ ፈረሱ ሳይቀር አንድ እግሩን አሳርፎ ያንቀላፋል፤ ወንዱ ጫቱን ይዞ ትራሱን ተደግፎ ስለ ዓለም ሁኔታ ይወስናል። በዚያ ሰዓት አሸዋውን እየረገጠ የሚሄድ ሰው ኮቴ ከተሰማ፣ ክብርት አዴ መድና ናቸው፤ አዴ በዚያ አገር እትዬ እንደማለት ነው። ድሬ አንቱታ ብዙም አትወድም፤ ትልቅ ትንሹ አንተና አንቺ ነው የሚባባለው። እዚህ አንቱ የተባሉት ለአክብሮት ብቻ እንዳይመስልዎ፣ ፍርሃትም አለበት።

ቀፊራ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፤ የሚሸጡትም ቆመው ነው። ጎረቤት ነጋዴዎች በርጩማ ሲስቡ፣ "ቁጭ ብለው የሸጡት በርበሬ አያቃጥልም" ይላሉ። ለቅሶ ቤት ገብተው ሐዘንተኛውን እግራችሁን ዘርጉ፣ ወገባችሁን አፍታቱ ብለው ድንኳኑን ግማሽ ለቅሶ ግማሽ ሳቅ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲያነቡ፣ ሲያነቡ፣ አዳራሹ ሲያዛጋ፣ አዴ መድና ከመሀል ብድግ አሉና እግር ደነዘዘ፣ አንዴ እንነሳ ብለው ሁሉን አስነሱት። ሊቀመንበሩ ሕዝቡ ለአብዮቱ ክብር የቆመ መስሏቸው ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ፤ መፈክር አሰሙ፤ ስብሰባውም በከፍተኛ የትግል ስሜት ተጠናቀቀ። እስከ ዛሬ እውነቱን የነገራቸው የለም።

የኔነሽ ከሳቸው እጅ የወደቀችው በዚያው ሰሞን ነው። ባሏ ጉግሳ ምድር ባቡር ፉርጎ ሲቀጣጥል ኖሮ ጡረታ በወጣ ማግስት ደም ግፊት ጣለው። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ ንግግሩም ዳገት እንደያዘ ባቡር ሆነ። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ማንሳት የየኔነሽ ሥራ ሆነ። ጉግሳ ደግሞ የታመመው ጎኑ ነው እንጂ ክብደቱ ደህና ነበር።

ጠያቂ አልጎደለባትም። ድሬ በሽተኛ መጠየቅ ታውቅበታለች፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል፣ እንዴት አደረ፣ ምን ቀመሰ ይላል፣ እግዜር ይማርልሽ፣ አላህ ያሽረው ብሎ ይሄዳል። እሷ እንዴት እንዳደረች የጠየቀ ግን አልነበረም። እሷም ቢሆን ይህን ማሰብ ነውር ይመስላት ነበር። ወገቧ ግን ማሰብ ጀመረ። ከወገቧ ቀጥሎ ምላሷ ሄደ፤ በማይጮህበት ነገር ትጮህበታለች፣ ከዚያ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ስታነሳው እጇ ከዳትና አብረው ወለሉ ላይ ወደቁ። ጉግሳ አልተጎዳም፤ እሷን ቀና ብሎ ሲያያት ግን፣ ያዘነው ለራሱ ሳይሆን ለሷ መሆኑን አየች። ይህ ከወገቧ ይልቅ አመማት።

ወሬ ባቡር ላይ ይሳፈራል። የጉግሳ ታናሽ ወንድም ገብረወልድ ናዝሬት ሆኖ መውደቃቸውን ሰማና በባቡር ሠራተኛ አፍ መልእክት ላከ፤ ለላብ አደሮች ቀን እመጣለሁ፣ የኔነሽ ደክማለች ተብያለሁ፣ ወንድሜን ወስጄ እዚሁ አስታምመዋለሁ አለ። የኔነሽ መጀመሪያ ተናደደች። ማን ደከመች አለው? ኋላ ግን፣ ማታ ድስት ስታጥብ፣ "ይውሰደው እንጂ፣ ልረፍበት" የሚል ሐሳብ በልቧ ሽው አለ። ሐሳቡ ደግሞ ደስ አላት። በዚህ ራሷን ጠላች። ሃያ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው፤ ያለ እሱ ያ ቤት ቤት አይሆናትም፤ ሆኖም ገብረወልድ ሲመጣ እምቢ የምትልበት ጉልበት አልነበራትም። የሚያስፈራትም ይኸው ነበር።

አዴ መድና ሊጠይቁ የመጡት በዚህ መሀል ነው። የኤረር ብርቱካን ይዘው ገቡ፣ አልጋው አጠገብ ቆሙ፣ ብርቱካኑን ላጡና ለየኔነሽ ሰጧት። ሁለተኛውንም ላጡ፤ ለየኔነሽ ሰጧት። ጉግሳ ብርቱካኑ በፊቱ ሲያልፍ በዓይኑ ይከተላል።

"የሱ ነው እኮ፣ እርስዎ" አለች የኔነሽ አፍራ።

"እርስዎ ብሎ ነገር ተይኝ አቦ፣ ያስረጀኛል። እሱን አገር ሙሉ ይጠይቀዋል። እኔ የመጣሁት አንቺን ልጠይቅ ነው። እንዴት ነሽ?"

የኔነሽ ደህና ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነበር። ብርቱካኑን በእጇ ይዛ ተንሰቀሰቀች። አዴ መድና አላባበሏትም። ለቅሶው ሲያልቅ ነገ አሥር ሰዓት ተኩል ደቻቱ ወንዝ ዳር ትመጪያለሽ አሏት። ምን ልሠራ ስትል፣ ልትጫወቺ አሏት። እሱንስ ለማን ትቼ ስትል፣ ጋሪ እልካለሁ፣ እሱም ይመጣል አሉ። ጉግሳ በደህናው ጎኑ ፈገግ አለ። ከተኛ ጀምሮ ከቤት ያወጣው አልነበረማ።

በማግስቱ ደቻቱ ደርሳ ያየችው ነገር ጉድ ነበር። ከወንዙ ዳር፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ የሰፈሩ በሽተኞች ተደርድረዋል። ደረቁ አሸዋ ላይ ደግሞ አስታማሚዎቻቸው፣ ሽቲ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ እያፈሩ ቆመዋል። ቢሻሮ አለች፤ ዓይናቸው የጠፋ እናቷን የምታስታምም ሱማሌ ጎረቤት ናት። አዴ መድና ዞር ዞር ብለው ገምግመው አባሮሽ አሉ። ትልልቅ ሴቶች፣ የልጅ እናቶች፣ አባሮሽ! ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያኔ አዴ መድና ያንን የሚያክል ሰውነታቸውን አንቀሳቅሰው መጡና የኔነሽን ትከሻዋ ላይ ቸብ አድርገው ሮጡ።

እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ተከተለቻቸው። ቢሻሮን ነካች፣ ቢሻሮ እየጮኸች ሌላዋን አባረረች፣ አንዷ ነጠላ ጫማዋ አሸዋ ውስጥ ቀረ። የቢሻሮ እናት ማን ወደቀ እያሉ ይጠይቃሉ፣ ጉግሳ እንደምንም ይነግራቸዋል። የኔነሽ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ድምፁን የሌላ ሰው መስሏት ዞራ አየች። ያን ቀን እንጀራዋን በላች፣ ተኛች፣ ጠዋት ጉግሳን ስታጥበው አልጮኸችበትም።

ከአባሮሹ በኋላ አዴ መድና ሌላ ሥርዓት አመጡ። ጨዋታው ሲያልቅ ሴቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በየቤቱ ይገባሉ፤ አልጋ የሚያስተካክሉትም፣ በሽተኛ የሚያነሱትም ሁለት ሆነው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይባል የለ፤ ጉግሳ ሎሚ አይሁን እንጂ ለሁለት ሲያነሱት ቀለለ። ቀጥሎ ከቀፊራ የግመል መጫኛ ገመድ ተሸክመው መጡ። ሁለት ጎራ ሆኖ መጓተት ተጀመረ። ማስጀመሩን ጉግሳ ወሰደ። ከሥራው የቀረችውን አረንጓዴ ባንዲራ በቀኝ እጁ ከፍ ሲያደርግ ይጎተታል፤ ዝቅ ሲያደርግ ይቆማል። ጥቂት ሰንብቶም ሚስቱ ላለችበት ጎራ ያዳላል ተብሎ ተከሰሰ። እውነትም ያዳላ ነበር።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ሴቶች ገመድ ይዘው ወንዝ ዳር ሲሰበሰቡ ዝም አይባልም። ጠመንጃ ያንጠለጠለ አብዮት ጥበቃ መጣና ይህን ስብሰባ ማን ፈቀደው አለ።

አዴ መድና ዙሪያቸውን ቃኙና፣ "ስብሰባ ቁጭ ተብሎ ነው ጓድ። እዚህ የተኛ አለ፣ የቆመ አለ፤ የተቀመጠ አሳየኝ" አሉት።

ጥበቃው ፈለገ፣ አጣ፣ ለሊቀመንበሩ ሪፖርት አደረገ። ሊቀመንበሩም በተራቸው የሴት ቡድን አጥተው ሲጨነቁ ነበርና፣ እነዚህኑ ለላብ አደሮች ቀን በገመድ ጉተታ ወክላችሁ ትገባላችሁ ብለው አዘዙ። የኔነሽ ቀኑን ስትሰማ ገመዱ ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ገብረወልድ የሚመጣው ያን ቀን ነው።

በዓሉ ደረሰ። ተጋጣሚዎቹ የጎረቤት ቀበሌ ሴቶች ናቸው፤ ቀፊራ የእህል ጆንያ ሲሸከሙ የሚውሉ፣ ክንዳቸው የወንድ ጭን የሚያክል። የኛዎቹን አይተው ተጠቃቀሱ። ዳኛው አስጀመረ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ አስታማሚዎቹ ቀስ በቀስ ሲስቡ ከወዲያ በኩል የፊተኛዋ ሴት ተንሸራታ ወደቀችና ወገቤን አለች።

በዓለም ላይ ከእነዚህ ሴቶች በቀር ማንም የማይሳሳተው ስሕተት ያኔ ተፈጸመ። ወገቤን የሚል ቃል ሲሰሙ ሁሉም ገመዱን ለቀቁ። ሮጡ። አንዷ አንገቷን ደገፈች፣ አንዷ እግሯን አስተካከለች፣ ቢሻሮ ላቧን ጠረገች፣ የኔነሽ በብብቷ ገብታ ቀስ ብላ አነሳቻት። ሴትዮዋ በሕይወቷ እንደዚያ ተነስታ አታውቅም። የቀሩት ተጋጣሚዎች ግን ገመዱን እየጎተቱ ወሰዱት፤ ዳኛውም ፈረደላቸው። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ፊታቸውን በመፈክራቸው ወረቀት ሸፈኑ።

አዴ መድና ራሳቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ አሉ። ኋላ ሁሉን ሰበሰቡና፣ "ልጆቼ፣ ደግነታችሁን አላህ ይይላችሁ። ግን መጀመሪያ እንጣላቸው፤ ከዚያ እናነሳቸዋለን" አሉ።

ሁለተኛውን ዙር አሸነፉ። ለሦስተኛው ሲሰለፉ የኔነሽ ቀና አለች፤ ሜዳው ዳር ከጉግሳ ምንጣፍ አጠገብ ገብረወልድ ቆሟል። ከባቡር ወርዶ ቤት ሄዶ ኖሯል። በሩ ዝግ ነበር፤ ጎረቤት ጉግሳ ሜዳ ሄዷል ሲለው የቀለዱበት መስሎት ሊጣላ ምንም አልቀረው። አሁን አልጋ ላይ አገኘዋለሁ ያለውን ወንድሙን በሰው መሀል ባንዲራ ሲያውለበልብ እያየ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። የኔነሽ ገመዱን በወገቧ ዙሪያ አዞረች፤ በዚያው በተሰበረ ወገቧ።

ጆንያ ተሸካሚዎቹ እንዲህ በቀላሉ አልተሸነፉም። ገመዱ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ፣ ቆመ። ክንድ ተንቀጠቀጠ። ግን ጆንያ ሲደክሙበት ይጥሉታል፤ ባልና እናት አይጣልም። አስታማሚ ደክሞት መያዝን ያውቃል። የኔነሽ ተረከዟን አሸዋ ውስጥ ቀበረች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀና አለች፤ ከኋላዋ ቢሻሮና ሌሎቹ አብረው ቀና አሉ። ገመዱ መጣ። ሙሉውን መጣ! ሜዳው ተናጋ፣ እልልታው ጣቢያው ድረስ ተሰማ፣ ሊቀመንበሩ ወረቀታቸውን ጥለው ዘለሉ። አሸናፊዎቹ ሮጠው ሄደው የወደቁትን አንድ በአንድ አነሱ፤ በዚህ ጊዜ የከለከላቸው የለም።

የኔነሽ አሸዋ በአሸዋ ሆና ወደ ምንጣፉ መጣች። ገብረወልድ ደክማለች ብለውኝ ነበር አለ።

"እውነት ነው የነገሩህ። ደክሜ ነበር" አለች። "ውሰደው ብዬም አስቤያለሁ፤ አልዋሽህም። ዛሬ ግን አልሰጥህም።"

ገብረወልድ ወደ ወንድሙ ዞረ። ጉግሳ ቃሉን ፈለገ፣ ጊዜ ወሰደበት፣ ሁሉም ጠበቀው።

"የት ነው... የምትወስደኝ?" አለ። "ሐሙስ... ጨዋታ አለብኝ።"

ገብረወልድ ከሳቁና ከእንባው የቱን እንደሚያስቀድም ጠፋው። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከኋላ ክንዱን ያዙት፤ እንደዚያ አይነሳም፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ናዝሬት ሰው ማንሳት አያስተምሩም እንዴ እያሉ ወዲህ ገፉት፣ ወዲያ አዞሩት። ወንድሙን ጋሪው ላይ ካወጣ በኋላ የኔነሽን ጠጋ ብሎ፣ በሹክሹክታ፣ "ይቺ ሴትዮ ደግሞ ምንሽ ናት?" አላት።

የኔነሽ አሰበች። ዘመድ አይደሉም። በሃይማኖትም በአገርም አይገናኙም። ገመዱን እየጠቀለሉ ጋሪ ነጂውን ምን ያስቀምጥሃል እያሉ የሚጨቀጭቁትን ሴትዮ አየቻቸው።

"የኔ አስታማሚ ናት" አለችው።

አዴ መድና ሰምተዋል። ያልሰሙ መስለው ጀርባቸውን ሰጡና ጋሪ ነጂው ላይ ይባስ ጮሁበት።