የሦስቱ ክቡራን ንስሐ

ፖለቲከኛ ሳይጠሩት ይመጣል እንጂ ተጠርቶ አይቀርም ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ተሳስታችኋል! ሠርግ ላይ ይመጣል፣ ሪባን ሊቆርጥ ይመጣል፣ የማያውቀውን ሕፃን አቅፎ ሊስም ይመጣል። የሚቀርበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ «በድለናል» መባል ያለበት ቦታ። ሐሜት ጾም ያፈርሳል ይላሉ አባቶች፤ ስለዚህ ስም አልጠራም፣ ይህንንም የምጽፈው ማክሰኞ ነው።

ዜናው የደረሰኝ እዚህ አሜሪካ፣ ዊተን በሚባል ሰፈር በምሠራበት የጥርስ ሕክምና ቤት፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጬ ሳለሁ ነበር። ጥርሱ የተነቀለ አንድ ሰውዬ ጥጥ ነክሶ «ም… ምም…» እያለ ቀጠሮ ሊይዝ ሲታገል ስልኬ «ጢን» አለች። ኢሜይል! ለዚያውም ከአንድ ክቡር ፖለቲከኛ ቢሮ። ሁለት መስመር ብቻ ናት። «ክቡርነታቸው ጥልቅ ሪግሬታቸውን ልከዋል። በዕለቱ በሐሳባቸው ከእናንተ ጋር ይሆናሉ» ትላለች።

ሪግሬት… ቃሉን አውቀዋለሁ። ግን እኔ ጠንቃቃ ሴት ነኝ፤ የማውቀውንም ቃል ቢሆን ሳላረጋግጥ አላልፍም። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ጸጸት፤ ቁጭት፤ በፈጸሙት ስሕተት ማዘን» ይላል። በፈጸሙት ስሕተት ማዘን! ለዚያውም ጥልቅ! እስቲ አንቺ አንባቢዬ፣ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? እኔማ ጥጥ የነከሰው ሰውዬ ፊት ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ሰውዬው የጥርሱ ነገር ያበቃለት መስሎት ክው አለ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ በምኖርበት አፓርትመንት፣ ከበሬ ትይዩ ሚስ ሎሬታ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል። (ስንት እንዳለፉት አልነግራችሁም፤ የሴት ዕድሜ ምስጢረ ንስሐ ነው።) ያደጉት እዚሁ ጎረቤት ስቴት ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ነጭ ብቻ የሚስተናገድበት ምግብ ቤት ገብተው፣ ባንኮኒው ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድ አንድ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ አዘዙ። የሎሚ ጭማቂው አልመጣም፤ ፖሊስ መጣ። ልጆቹን እያዳፉ ወስደው አሰሯቸው። ምግብ ቤቱ ዛሬ የውሻ ብስኩት መሸጫ ሆኗል። አያችሁልኝ? ያኔ ሰው የተባረረበት ቤት፣ ዛሬ ውሻ በስሙ ተጠርቶ ይስተናገድበታል!

ከአራቱ ልጆች ዛሬ በሕይወት ያሉት ሚስ ሎሬታ ብቻ ናቸው። በየዓመቱ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የዚያ ቀን መታሰቢያ ይደረጋል። እሳቸው ኢሜይል የሚባል ነገር ስለማይነኩ፣ ዘንድሮ ጸሐፊ አድርገው እኔን ሾሙኝ።

«ሃኒ፣» አሉኝ ሲሾሙኝ፣ «ጌጥም አበባም አልፈልግም። ከመንግሥት ወገን አንድ ሰው ይምጣልኝ። አንድ ብቻ። ፊቴ ቆሞ ‘በድለናችኋል’ ይበለኝ። ያንን ሰምቼ ልሙት።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም አይደል ተረቱስ? እኔም ለሦስት ፖለቲከኞች ጻፍኩ። ሁለቱ ወንዶች ከአንዱ ፓርቲ፣ ሦስተኛዋ ሴት ደግሞ ከተቃራኒው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ሲሆን ግማሹ የጤና ጥያቄ ነበር። «እርስዎ ደኅና ነዎት? ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ሰዎችስ?» ሳልል «ይምጡ» ማለት እንዴት ይሆንልኛል?

የመጀመሪያው ጸጸት እንዳልኳችሁ ዊተን ደረሰኝ። በሳምንቱ የሁለተኛው መጣ። በማግሥቱ የሦስተኛዋ። ሦስቱም «ጥልቅ ሪግሬት»! እኅቴ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ዝናብ እየዘነበ «ዘነበ» በሚለው የማይስማሙ ናቸው! እንዴት ሆኖ በአንድ ቃል ተጸጸቱ? በዓለ ኀምሳ ነው የመሰለኝ። የእሳት ልሳን ቢሮ ለቢሮ የሚዞር መሰለኝ። የሚስ ሎሬታን በር ልሰብረው ምንም አልቀረኝም።

«ሚስ ሎሬታ! ሪፔንት አደረጉ!»

«ማን?»

«ሦስቱም! በጽሑፍ! ንስሐ ገቡ!»

ቴሌቪዥናቸውን ዝም አሰኙና ትክ ብለው አዩኝ። «ሪፔንት ነው ያልሽው?»

«አዎ። ለዚያውም ጥልቅ።»

የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ፣ «እንግዲያው በመታሰቢያው ቀን መድረክ ላይ አንቺ ተናገሪው» አሉኝ። «ወረቀት አታንብቢ። ልክ አሁን ለእኔ እንዳልሽው አድርገሽ በይው።»

ቅዳሜው ደረሰ። የምሥራች ብቻውን አይሰማም ብዬ የጽዋ ማኅበራችንን ሴቶች ነጠላ አስለብሼ፣ በሦስት መኪና ጭኜ አሌክሳንድሪያ አወረድኳቸው። ከፊት ረድፍ ሦስት ወንበሮች ላይ የሦስቱን ክቡራን ስም በትልቁ ለጥፌያለሁ። ሰዓቱ ደረሰ፤ ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ባዶ ናቸው። የማኅበራችን ሴት ብዙነሽ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የተጸጸቱት ሰዎች የታሉ?»

«መንገድ ላይ ናቸው።»

«ንስሐ የገባ ሰው ያረፍዳል እንዴ?»

«ብዙዬ፣ ትራፊክ ለጻድቅም ለኃጥእም እኩል ነው። ዝም በይ።»

«ዝምስ እላለሁ፤ ጉልበቴ ነው ዝም ያላለኝ» አለችና አንደኛው ክቡር ወንበር ላይ ዘፍ! እሷን አይተው ሁለቱ ጓደኞቿም ተከተሏት። ስለዚህ በዚያ ቀን ፎቶ ያነሳ ሰው ካለ፣ ስሙ ከጀርባው የተጻፈው ክቡር ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጠላ ተከናንቦ፣ ከቦርሳው ዳቦ ቆሎ እያወጣ ሲቆረጥም ያገኘዋል።

ተጠራሁ። ሚስ ሎሬታ መድረኩ ላይ ከኋላዬ ተቀምጠዋል። ማይኩን ያዝኩ። እንግሊዝኛዬ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም።

«ሦስቱ ክቡራን በሚስ ሎሬታና በጓደኞቻቸው ላይ ስለተፈጸመው በደል ከልባቸው ንስሐ ገብተዋል!»

መጀመሪያ ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ «ኤሜን!» አሉ። ከዚያ አዳራሹ ብድግ! ኦርጋኑ ተነሣ! የእኛ ሴቶች ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ? እልልታቸውን አቀለጡት። የአሌክሳንድሪያ «ኤሜን»ና የእኛ እልልታ አንድ ላይ ሲሆኑ… ምን ልበላችሁ፣ የጣሪያው አምፖል ይወዛወዝ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስልኳን ወድራ ስትቀርጸኝ የነበረችው፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጄ ሳሮን ብቻ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። በደስታ የምታለቅስ መስሎኝ እኔም እንባዬ መጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚስ ሎሬታ ዘመዶቻቸው ጋ ስላደሩ፣ በእኔ መኪና ውስጥ ያለነው እኔና ሳሮን ብቻ ነን። 495 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ነን።

«ማሚ፣ ኢሜይሉን አሳዪኝ።» ስልኬን ሰጠኋት። አነበበችው። «ኦ ማይ ጋድ። ማሚ! ሪግሬት ልከዋል ማለት አንመጣም ማለት ነው!»

«ጸጸቱስ?»

«ኖ ጸጸት! ጀስት አንመጣም! ዲክላይን አደረጉ!»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም!»

«ታዲያ አንመጣም አይሉም?»

«ፖላይት ለመሆን ነዋ።»

እንግዲህ ፍረዱ! እኛም ብንሆን አንመጣም አንልም፤ አንመጣም ለማለት «እመጣለሁ» ነው የምንለው። ግን የእኛ ውሸት ቢያንስ ወጥ ያሠራል። የቀረውን ሰው ድርሻ የመጣው ይበላዋል። የእነዚህን ጸጸት ማን ይበላዋል?

«ለምን ቀሩ ግን?» አልኳት።

«ዘንድሮ እንደዚህ ዓይነት ነገር ላይ ከታዩ ግማሹ ሰው ተናዶ ማድ ይሆናል። አንመጣም ብለው በግልጽ ቢናገሩ ሌላው ግማሽ ማድ ይሆናል። ሶ… ማንም ማድ የማይሆንበትን ነገር ላኩ።»

የምንወጣበት የጆርጂያ አቬኑ መውጫ አለፈኝ። ቀጣዩም አለፈኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አሁን ለሚስ ሎሬታ ምን እላቸዋለሁ? ስድሳ ምናምን ዓመት የጠበቁትን ቃል በሕዝብ ፊት ሰጥቼ፣ ተመልሼ «ይቅርታ፣ የስፔሊንግ ችግር ነው» ብዬ ልቀማቸው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ በሰው ስም ንስሐ ገባሁ።»

«በማን ስም?»

«በሦስት ፖለቲከኞች» ብዬ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

አባ ሳቃቸውን ሲውጡ ጢማቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ለሰው መጸለይ ይቻላል። ለሰው መመጽወትም ይቻላል። ለሰው ንስሐ መግባት ግን አይቻልም።»

«ቀኖናዬስ?»

«አርባ ስግደት። ደግሞም ሄደሽ ለእናቲቱ እውነቱን ንገሪ።»

«አባ፣ ስግደቱን ሰማንያ ያድርጉልኝና መንገሩ ይቅር?»

«አይቀርም!»

ስለዚህ በዚህ ስቴትና በጎረቤቱ ፖለቲከኞች በደል ጉልበቷ ያበጠ ሴት ካያችሁ፣ እኔ ነኝ።

ሰገድኩና ወደ ሚስ ሎሬታ ሄድኩ። በሩን አንኳኩቼ ከመግባቴ በፊት ልመለስ ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ። ገባሁ፤ ቁጭ አልኩ፤ ተናገርኩ። ሪግሬት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእንግሊዝኛ ባለቤት አስረዳሁ! ስጨርስ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። የሰማሁት ግን ሳቅ ነው። የጆሮ መስሚያቸው ፉጨት እስኪያወጣ ድረስ ሳቁ።

«ሃኒ፣ እኔ እኮ ሪግሬት ሲላክልኝ ነው ያረጀሁት። መሳቢያ ሙሉ አለኝ። በር ሰብረሽ የገባሽ ቀን ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አላስቆሙኝም?»

ሳቃቸው ቀስ እያለ ሄደ። ቀሚሳቸው ላይ የሌለውን ክር ለቀሙ።

«አንድ ቀን እንኳን ሲባል ልስማው ብዬ ነው» አሉ።



በዚያው ሳምንት ደግሞ ወሬው እንዴት እንደደረሳቸው እንጃ፣ ከአንደኛው ክቡር ቢሮ ኮል ተደረገልኝ። አንዲት ትሕትናዋ የሚያደክም ሴት ናት። ክቡርነታቸው ንስሐ እንዳልገቡ የሚገልጽ ማስተካከያ በአስቸኳይ ይውጣልን አለችኝ። ስልኩን ይዤ ኮሪደሩን ተሻገርኩና ለሚስ ሎሬታ ሰጠኋቸው።

«ምንም ችግር የለውም፣ ሃኒ» አሏት በለሰለሰ ድምፅ። «እሳቸው ራሳቸው ይምጡና ፊቴ ቆመው ‘ምንም አልቆጨኝም’ ይበሉኝ። ያኔ እናስተካክለዋለን።»

ሴትዮዋ «ፕሮግራማቸውን እናያለን» አለች። እስከ ዛሬ እያዩት ነው። ፕሮግራሙ የዘመነ መሳፍንት ታሪክ ሳይሆን አይቀርም፤ ተነብቦ አላለቀም።

አሁን፣ በዚያ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እኔ ወደ እናንተ ዞሬ ስናገር ለሚስ ሎሬታ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር። ሳሮንም ፊቷን ስትሸፍን ስልኳ የቀረጸው ምንጣፉን ነው። እሳቸውን ስጠይቃቸው «መስታወት ይዤ ነበር እንዴ?» ይሉኛል። እናንተ ግን ፊት ለፊታቸው ነበራችሁ። ያ ቃል ሲነገር ፊታቸውን ያያችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ… ምን ይመስሉ ነበር?