ክቡር እንደገና

ሥራ «አለቀ» ሲባል የሚያመው ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የእኛው የክፍል ኃላፊያችን ናቸው፤ በሌሉበት «ክቡር እንደገና» እንላቸዋለን።

የምንለካው ኦዞን ነው፣ ያውም ከሰማይ ጥግ የመጣ። ኦዞን ከሦስት የኦክስጅን አተሞች ይሠራል፤ አንዳንዶቹ አተሞች ከወንድሞቻቸው ከበድ ይላሉ። ባሎን ናሙና ይዞልን ይወርዳል፣ እኛ ከባዶቹ ምን ያህል እንደሆኑ እንለካለን። አንዴ የተለካ ናሙና ተመልሶ አይገኝም። ክቡርነታቸው ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ግን አያስችላቸውም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና «ልጄ፣ እስቲ አንዴ እንደገና» ይላሉ። ምሳችን ይቀዘቅዛል።

ቤታቸውም ያው ነው። ልጃቸውን ትኩሳት ሲይዘው በአንድ ቴርሞሜትር አያምኑም፤ ከጎረቤት ሌላ ያስመጣሉ። ባለቤታቸው «ልጁ የሚድነው መለካት ሰልችቶት ነው» ብለውኛል።

ዘንድሮ የወረደው ናሙና ጉድ አሳየን፤ ከባዱ ኦዞን ከጠበቅነው እጅግ በልጦ ተገኘ። የለካሁት እኔ ነኝ። ለዓመታት ወገቤ እስኪቆረጥ ደክሜበታለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ለአንድ ልኬት ብቻ የሚበቃ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ይቅርብን። ለሚጠራጠር ሰው እናስቀምጠው» ብዬ ለመንኳቸው።

«የሚጠራጠረው እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ።

ማሽኑን አስነሱ። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ናሙናውም የለም፣ አዲሱ ቁጥርም የለም። ከዚያ ወዲህ ለእሳቸው ሰላምታዬ ሁሉ ከአንገት በላይ ሆነ።

የመጀመሪያውን ውጤት ጉባኤ ላይ ሳቀርብ፣ የባሎኑን ናሙና የሚያድለው ኮሚቴ ሰብሳቢ እጃቸውን አወጡ።

«ደግማችሁ ለክታችኋል?»

«አልደገምንም» ካልኩ ልፋቴ ገደል መግባቱ ነው። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ክቡርነታቸው ቆመዋል።

«የቀረውን ናሙና ያባከንኩት እኔ ነኝ፤ እሷን እንዳትወቅሱ» አሉ። «የመጀመሪያውን ልኬት ግን አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። አምነዋለሁ።»

«አምነዋለሁ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሰብሳቢው «ይሁን፣ ከሚቀጥለው ባሎን ድርሻ አላችሁ» አሉ።

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ውሃዬን ከፍቼ ሰጠኋቸው። እኚህን ሰውዬ ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ማንም አያማቸውም።