ዳይፐር በቀለም ካርድ ሲነበብ

ቤተሰብ መሆን የሚታወቀው ሠርግ ላይ አይደለም፣ ለቅሶ ላይም አይደለም። የተከፈተ ዳይፐር ላይ ነው! አማች፣ ልጅና አያት ጭንቅላታቸውን ገጥመው "ትናንት እንዲህ ነበር እንዴ?" "ኧረ ትናንትማ ፈካ ያለ ነበር!" መባባል ሲጀምሩ፣ በቃ፣ ያኔ ተዛምደዋል። ፊርማም ምስክርም አያስፈልግም።

እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እጠብቃችኋለሁ። እኔ እንደሆንኩ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው።

ጨረሳችሁ? እንቀጥል።

ልጄ ሶስና ስትወልድ ጎተራ ያለውን ኮንዶሚኒየሟን ዘግታ ወደ እኔ ወደ ቂርቆስ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ የሚታረሰው እናት ቤት ነዋ። አማቼ ብሩክም ወጉን አክብሮ፣ ከነላፕቶፑና ከነቻርጀሩ መጥቶ አብሯት ታረሰ። ገንፎውንም እኩል በላ። የልጅ ልጄን ኤልዳና አሏት።

ባለቤቴ ጌታሁን ይህን ሁሉ ሳያይ ካረፈ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ካዛንቺስ ቀለም ቤት ነበረው። ሱቁ ሲዘጋ ለራሴ ያስቀረሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ባዶ የቀለም ቆርቆሮና የቀለም ካርዱን። ካርዱ ታውቁታላችሁ፤ ቀለማቱ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተደረደሩበት፣ ደንበኛ ጣቱን አስቀምጦ "ይሄን ስጠኝ" የሚልበት። ጌታሁን ግን "ቁጥር ለሰው አይገባውም" ብሎ ከእያንዳንዱ ቀለም ጎን በእርሳስ የራሱን ስም ጽፎበታል። "የወረዳ ቢሮ ክሬም"። "የሎንቺና ጭስ"። "የጎመን ውኃ"። "የሐኪም ቤት ነጭ"።

አንዱን ቢጫ ደግሞ "የአልማዝ ቀሚስ" ብሎታል።

አልማዝ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያየኝ ቀን የለበስኩት ቀሚስ ሰናፍጭ መልክ ነበር ይላል። እኔ ደግሞ ሎሚ ነበር እላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተከራከርን! ማስረጃ እንዳናመጣ ቀሚሱ ሶስና ስትወለድ ተቀዶ ሽንት ጨርቅ ሆኗል።

እና ኤልዳና በተወለደች ማግስት ብሩክ ዳይፐሩን ከፍቶ ጮኸ።

"ማዘር! ኧረ ማዘር! ይሄ ነገር ሬንጅ ነው!"

እውነትም ሬንጅ ነው። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ የከተማው መንገድ ሠራተኞች ተርፏቸው እዚህ የደፉት የሚመስል።

"ኖርማል ነው?" አለኝ ላብ እያጠመቀው።

"ኖርማል ነው። የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ነው። አንተም እንዲሁ ነበርክ።"

ሶስና ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። ብሩክ ግን በአያት ቃል ብቻ የሚረጋ ሰው አይደለም። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሠላሳ ዓመት ሆኖኝ ረስቼዋለሁ። ካርዱን ከመሳቢያ አወጣሁና ከዳይፐሩ ጎን ያዝኩት። "የሎንቺና ጭስ" ሆነ፤ ቁርጥ! በሦስተኛው ቀን "የጎመን ውኃ"። በአምስተኛው ቀን ፍሬ ፍሬ ያለው፣ ቀጠን ያለ ቢጫ መጣ። ካርዱን አስጠጋሁ...

"የአልማዝ ቀሚስ"።

በፍቅር የተሰየምኩበትን ቀለም የት እንዳገኘሁት አያችሁልኝ?

ከዚያ በኋላ ኑሯችን ተደላደለ። በቀን ሦስት አራቴ የአልማዝ ቀሚስ፣ ስድስት ሰባቴ ሽንት። ብሩክ ስልኩ ላይ ይመዘግባል፣ እኔ ካርድ እይዛለሁ፣ ሶስና ታጠባለች። ልጅቱም እንደ ዳቦ ኩፍ እያለች ወፈረች።

ስድስት ሳምንት ልትደፍን ስትል ቆመ። ሽንቱ አይደለም፤ ካካው። አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት! ኤልዳና ትጠባለች፣ ትስቃለች፣ እኛ ነን ያማጥነው። በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ በትንሽ ብልቃጥ ለጋ ቅቤ ይዛ ገባች። ዘይነባ ከሱቋ ተነሥታ ከመጣች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

"አንድ ጣት ቅቤ ብቻ! ወለል አድርጎ ነው የሚያወርደው።"

"እትዬ፣ እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ምንም አትስጧት ተብለናል፤ ውኃም ቢሆን" አለች ሶስና።

"ቅቤ ውኃ ነው እንዴ? አንቺስ በምን አደግሽ? አልምዬ፣ ንገሪያት እንጂ!"

ዘይነባ እውነቷን ነው፤ ሶስናን ቅቤ አውጠናታል። ትን ብሏት ያለቀስኩትም ትዝ አለኝ። ዘይነባን ወደ ሱቋ ሸኘኋት። ብልቃጡ ግን ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ባለፍኩ ቁጥር ያየኛል፣ አየዋለሁ።

ስድስተኛው ቀን ጠባ። ሶስና "ሐሙስ የክትባት ቀጠሮዋ ነው፤ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ ትንሽ እንጠብቅ እማዬ" አለችኝ።

ጌታሁንም "ሆዴን ነው፤ ትንሽ እንጠብቅ" ነበር ያለኝ። ጠበቅን። ከዚያ ወዲህ ይህች ቃል እቤቴ አትገባም።

"ተነሺ" አልኳት። "ወይ አሁን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ ወይ ብልቃጡን እከፍታለሁ።"

ተነሣች!

እኔም ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ ካርዱን በቦርሳዬ፣ ቆርቆሮውን በእጄ ያዝኩ። ስለ ቆርቆሮው አልነገርኳችሁም ለካ። ከስድስት ቀን በፊት የመጣውን የመጨረሻውን ዳይፐር፣ ሐኪም ማየቱ አይቀርም ብዬ፣ ካካው እንደቆመ ከቆሻሻው መልሼ በፌስታል ጠቅልዬ እዚያ ውስጥ ከድኜው ነበር። አትሳቁ። ክዳኑ ጥብቅ ነው፤ ጌታሁን ቀሽም ዕቃ አይገዛም።

የጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት ፈታሽ እጇን ዘረጋች።

"እናቴ፣ ቀለም ይዞ መግባት አይቻልም።"

"ቀለም አይደለም ልጄ።"

"ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ!"

"የተጻፈው ቀለም ነው። ውስጡ ካካ ነው።"

"ምን?"

"የሕፃን ነው። ስድስት ቀኑ ነው።"

"እማዬ፣ ምን ያዝሽ?" አለች ሶስና ከኋላዬ። እሷም ገና መስማቷ ነበር።

ፈታሿ ሥራዋን የምታከብር ልጅ ናት፤ ሳላይ አላሳልፍም አለች። ቁልፏን ክዳኑ ሥር አስገብታ ፈነቀለችው... የዚያን ዕለት ወረፋ የሚባል ነገር አላየንም። ሕዝቡ ሁሉ ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቀልን። ብሩክ አሥር እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርቶ፣ የማያውቀን ሰው መስሎ ስልኩን ያያል።

ሲስተሯ ወጣት ናት፤ ዐይኗ ሥር ድካም አለ። ቆርቆሮውን ውጭ ካስቀመጠችን በኋላ ልጅቱን አስወልቃ መዘነች፣ ሆዷን ዳሰሰች።

"በደንብ ትጠባለች?"

"በጣም!" አለች ሶስና።

"ታስመልሳለች? ትኩሳት?"

"የለም።"

"ሽንትስ?"

"ትናንት ሰባት፣ ከትናንት በስቲያ ስድስት" አለ ብሩክ። ስልኩ በመጨረሻ ለቁም ነገር ዋለ።

"ሆዷ ለስላሳ ነው፣ ክብደቷም ጥሩ ጨምሯል። እናቴ፣ አይስጉ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ እዚህ ዕድሜ ላይ ሲደርስ እንዲህ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ወተቱን ሰውነቷ ስለሚጠቀምበት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሲመጣ ለስላሳ ከሆነ ድርቀት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆነ ግን ቶሎ ማምጣት ነው፤ ወተት እያነሳት ሊሆን ይችላል።"

"ቅቤስ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

ሲስተሯ ቀና ብላ አየችኝ። ዘይነባን የምታውቃት መሰለኝ።

"እሺ፣ ታዲያ መቼ ነው የምፈራው?" አልኳትና ካርዱን ዘረጋሁላት። መጀመሪያ ግራ ገባት። ኋላ የእርሳሱን ጽሑፍ ስታነብ ሳቋ አመለጣት።

"ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ቡኒው አያስደነግጥዎት። ይሄ ጥቁር ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ተመልሶ ከመጣ ያምጧት። ደም የመሰለ ቀይ ካዩም እንደዚሁ። ሽንቷ ከቀነሰ፣ ሆዷ ከተነፋ፣ ካስመለሳት፣ ጡት እምቢ ካለች፣ ካተኮሳት ቀጠሮ አይጠብቁ። ከሁሉም ደግሞ..." ጣቷን ላይኛው ረድፍ ላይ አደረገች። "ይህን የነጣ፣ ኖራ የመሰለውን ካያችሁ፣ በዚያው ቀን ወደዚህ!"

አጎንብሼ ጣቷ ያረፈበትን አነበብኩ። "የሐኪም ቤት ነጭ"።

ጌታሁን፣ አንተ ሰው... የት እንደምንሄድ ሳይቀር ጽፈህልን ነበር?

ሲስተሯ ካርዱን ለእናቶች ማስተማሪያ ይሰጡኝ ይሆን በሚል ዐይን አየችኝ። "ፎቶ አንሺው" አልኳት። እሱን እንኳ አልሰጥም።

እሷ ፎቶ ስታነሣ ኤልዳና ራቁቷን ጭኔ ላይ ናት። ፊቷ ቀላ። ጉልበቷን ሰበሰበች። እንደ ትልቅ ሰው ቅንድቧን ቋጠረች።

"እማዬ..." አለች ሶስና።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጨዋ ቋንቋ ልጻፈው። የስድስት ቀን ተጠራቅሞ መጣ። ከደረቴ ጀምሮ እስከ ጫማዬ! ሙቅ፣ ለስላሳ፣ ፍሬ ፍሬ ያለው። ብሩክ "ዬስ!" ብሎ ዘለለ፤ ጎል የገባ ነው የሚመስለው። ሶስና እየሳቀች አለቀሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

የለበስኩት ጥቁር ነበር፤ የጌታሁንን ሐዘን። ዓመቱ ሲሞላ የእድር ሽማግሌዎች አውልቂ ብለው ሁለቴ መጥተው፣ ሁለቴ ሻይ ጠጥተው ሄደዋል። "ትንሽ ጠብቁኝ" ነበር ያልኳቸው። ለካ ያቺ ቃል አንድ ሰው ጋር ቀርታ ነበር!

ሲስተሯ ፎጣ ስታቀብለኝ ካርዱን ቀሚሴ ላይ አስጠጋሁት። ቀለሙ ራሱ ነው። ሰናፍጭ ነው ጌታሁን፤ ሎሚ አልነበረም። ይኸው በጽሑፍ አምኛለሁ።

እቤት ስንደርስ ሁለተኛው ጥቁር ቀሚሴ ታጥቦ ገመድ ላይ ነው፤ እርጥብ። ሶስና ቁም ሳጥኑን ከፍታ አበባ ያለበት ቀሚስ ወረወረችልኝ። ለበስኩት። በማግስቱ ጥቁሩ ደርቆ ነበር፤ አጥፌ አስቀመጥኩት።

የዘይነባ ቅቤ ሶስና ገንፎ ላይ ቀለጠ። ዘይነባ ራሷ አመሻሽ ላይ ብቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"አየሽ አልምዬ? ያን ጊዜ አንድ ጣት ቅቤ ብታውጫት ኖሮ ቅዳሜውኑ ታወልቂ ነበር!"