የጥቁር ቀሚስ ትርጉም

መልእክት ፈላጊ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ብታስነጥሱ እንኳ «ይሄ ለማን ነው?» የሚል ዓይነት ማለቴ ነው። እኔ ጉደር ሳስተምር ገጥሞኛል፤ ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ነበር። መምህራን በሙሉ ስለ ሕገ መንግሥት ስልጠና ተጠራን። አሰልጣኙ ኦቦ ለሜሳ፣ ማንም ሰው ሐሳቡን በመረጠው መንገድ የመግለጽ መብት እንዳለው አንቀጽ ጠቅሰው ሲያስረዱ፣ ዓይናቸው ጥቁር ቀሚስ በለበሰችው ባልደረባችን በጫልቱ ላይ አረፈ።

«ይሄ ጥቁር ምን ለማለት ነው?» አሏት።

«ወንድሜ ታሞ ሞቶብኝ ነው፤ ገና አርባው አልወጣም።»

«ሰበብ ነው! ይሄ ተቃውሞ ነው!»

ቀልድ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልሳቀም። ሁለት ፖሊሶች ገብተው ይዘዋት ወጡ። ኦቦ ለሜሳም ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ አንቀጹ ተመለሱ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ክንድ ማጣመርም የተቃውሞ ምልክት ነበርና፣ ደረቴ ላይ ያጣመርኳቸውን እጆቼን በድንጋጤ ፈታሁ። ኪሴ ብከታቸው ደግሞ ሤራ እንዳይባል ፈራሁ። በእጆቼ ስጨነቅ፣ ስለ እሷ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ስልጠናው አለቀ። አጨበጨብኩም።

በሦስተኛው ቀን ተፈታች። በማግስቱ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ መምህራን ክፍል ገባች።

«ምነው ጫልቱ፣ ዛሬን እንኳ ብትቀይሪው? ለወንድምሽ መሆኑን አላመኑሽም እኮ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ያን ቀን ለወንድሜ ነበር» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ዛሬ ግን ኦቦ ለሜሳ እንዳሉት ነው።»