የጋሽ ቶለሳ የስልክ ወፎች

በየዕድሩ፣ ሥራው ቢሻርም እሱ ያልተሻረ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ የቁስቋሞቹ፣ ክቡር የጡሩምባ ሹም ጋሽ ቶለሳ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገና ሳይነጋ "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" እያሉ መርዶ ሲያሰሙን ኖሩ። ሰፈሩ ፈርሶ ግማሹ አባል በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን ግን ጡሩምባ የት ይደርሳል? እኔ ጸሐፊው መርዶውን በስልክ መልእክት መላክ ጀመርኩ።

ጋሽ ቶለሳ ባለቁልፍ ስልካቸውን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። "መልእክትህ እኮ እኩዮቼ እነወለተ ማርያም ስልክ ላይ ሲደርስ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው። ፊደል ቢሆንስ ማን ያነብላቸዋል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቅንፍና ከሰረዝ ወፍ እየሠሩ ለአባሉ ሁሉ ይልኩ ጀመር። ለስብሰባ ዓይኗ የተገለጠ፦

(o>
//)

ለሞት ዓይኗን የጨፈነች፦

(->
//)

የጨፈነችውን ያየ ሁሉ ወደ ዕድሩ ቤት መጥቶ ማን እንደሞተ ይጠይቃል። አንዴ ታዲያ ተሳስተው ለስብሰባ የጨፈነችውን ላኩ። ስለ አዲሱ ድንኳን ልንወያይ በተቀመጥንበት እትዬ ወለተ ማርያም ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። እኔም ተናደድኩ።

"ጋሽ ቶለሳ፣ ይሄ ዕድር ነው፣ የወፍ ቤት አይደለም። በቃ ይተዉት።"

"እሺ። አንተ ተምረሃል" አሉ፤ ተዉት።

ባለፈው ጥቅምት ባለቤታቸው እማማ ሾዴ አረፉ። በሰው ለቅሶ ሁሉ ቀድመው የሚደርሱ፣ ድስት ሳይታጠብ የማይወጡ ሴት ነበሩ። መርዶውን አሳምሬ ጽፌ ላክሁ። ከቀብር ስንመለስ ግን ድንኳኑ ግማሽ ለግማሽ ባዶ ነበር። ከእኩዮቻቸው አንድም አልመጣም። ጋሽ ቶለሳ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ወደ በሩ ዞር ይላሉ።

"ወለተ ማርያም አልሰማችም ይሆን?" አሉኝ ቀስ ብለው። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ከድንኳኑ ጀርባ ቆሜ ያንን የሰደብኩትን ወፍ ለመሥራት ታገልኩ። እንደምንም ሠርቼ ለሁሉም ላክሁ።

ከሰዓት በኋላ ከየካ አባዶም ከቱሉ ዲምቱም መጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዳንዶቹ በልጅ ልጅ ተደግፈው። እትዬ ወለተ ማርያም ዕድሩ ቤት ሲነገራቸው "ሾዴዬን?" ብለው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ማታ ድንኳኑ ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ እኔ ቆሜ አመሸሁ።

ሰዉ ሲቀልል ጋሽ ቶለሳ ስልኬን ተቀበሉኝና የላክሁትን አስጠግተው አዩት።

(-<
//)

"ምንቃሯን ገልብጠኸዋል" አሉ። ስልኩን ወዲያው አልመለሱልኝም። ይህን ግትር ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው።

"ዓይኗን ግን" አሉኝ፣ "በደንብ ከድነህላታል።"