በቅጹ ላይ የገባው አንበሳ

ውሸት ቁጥር ይወዳል። «ብዙ ሰው መጥቶ ነበር» የሚላችሁን እመኑት። «አራት መቶ ሃያ ሦስት ሰው ነበር» ካላችሁ ግን ወይ ቆጥሯል ወይ ቀጥፏል፤ የሚቆጥር ሰው ደግሞ ብዙ አላየሁም።

እኔ እቆጥራለሁ። በፋብሪካ በር ሸክም ስጀምር የተሸከምኩትን ራሴ ካልቆጠርኩ ሌላው አሳንሶ ይቆጥርልኝ ስለነበር፣ ሰው ሆኜ ቤት ከሠራሁ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም። ገላን ኮንዶሚኒየም ልጄ ቤት ለመድረስ ሰባ ሁለት ደረጃ አለ። ከአቃቂ ሳሪስ ሚኒባሱ አሥራ አንድ ጊዜ ይቆማል፤ ወያላው «ሞልቷል» ካለ በኋላ የሚቆመውን ሳይጨምር።

ከቆጠርኩት ሁሉ ያስቸገረኝ የጎረቤቴ የበላቸው አንበሳ ነው። በላቸው ዕድሜውን በባቡር የመጨረሻ ፉርጎ ላይ ፍሬን ሲይዝ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በወጣትነቱ ባቡሩ በረሃ መሃል ሲቆም ወርዶ፣ ሐዲዱ ላይ የተኛ አንበሳ በፋኖስ አባሯል። እንደሱ አባባል ማለቴ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሲያወራ አንበሳው አንድ ነበር። በደርግ ጊዜ ሦስት ሆኑ። ኢሕአዴግ ሲገባ ሰባት ደረሱ፤ ከዚያ ወዲህ ምርጫ በመጣ ቁጥር ደቦል ይጨመርባቸው ጀመር።

ያ የምርጫ ዘመን መቼም የዎርክሾፕም ዘመን ነበር። ንብ አናቢው ይጠራል፣ ዶሮ አርቢው ይጠራል፤ ስለ ዎርክሾፕ አዘገጃጀትም ዎርክሾፕ ነበር። በላቸውም ተራው ደረሰው። ቆላ ያለ አንድ የዱር አራዊት መጠለያ በዓል ሲያከብር፣ ድሮ በሐዲዱ ዳር ምን ያህል አውሬ እንደነበር ይመስክሩ ብሎ የባቡር ጡረተኞችን ጠራ። በላቸው ብቻዬን አልሄድም አለና እኔን «ታሪክ አዋቂ» ብሎ አስመዘገበኝ። እኔ እንኳን የበረሃ ታሪክ ላውቅ ባቡር የተሳፈርኩት ሁለት ጊዜ ነው።

ሦስት ቀን ቆየን። ጧት ድንኳን ውስጥ በቡድን እንወያያለን፤ ከሰዓት ሜዳ እንወጣለን። እኔ በበኩሌ ሃያ ስድስት ሳላ፣ አራት ሰጎን፣ አንድ የሚያነክስ ከርከሮ ቆጠርኩ። «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን ቃል መቶ አርባ ጊዜ። አንበሳ ግን ዱካውም አልነበረም።

አሰልጣኛችን ሕይወት የምትባል ቀጭን ወጣት ነበረች። «ስትቆጥሩ ተጠንቀቁ» አለችን፤ «እንስሳ ዞሮ ይመጣል፤ አንዱን ሁለቴ እንዳትቆጥሩ። ቅጹ ላይ የሚገባው ደግሞ በዓይን የታየ ብቻ ነው።» እንዲህ ያለች ሰው ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። በላቸው ግን ያን ቀን ምሳውን አልጨረሰም።

«ነገ የኔ ተራ ነው» አለኝ ግራር ሥር እንደተቀመጥን።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ሰባቱን ከነደቦሎቻቸው አስመዝግባቸው።»

«አትቀልድ። አላየሁም እኮ።»

«ስንቱን?»

«አንዱንም። ባቡሩ ሲቆም ማግሳቱን ሰማሁና በሬን ቀርቅሬ ተቀመጥኩ። በጡሩምባ ያባረረው ሾፌሩ ነው፤ እሱም ሞቷል።» ከዘራውን አሸዋው ላይ አንከባለለ። «አርባ ዓመት ያወራሁትን በነዚህ ሁሉ ፊት ምን ብዬ ልካደው?»

በማግስቱ ምስክርነቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጡረተኛ አራት አለ። ሁለተኛው አምስት። ሦስተኛው ሳያፍር አሥራ ሁለት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ጡረተኛ ቢያብር ግን አንበሳ ይወልዳል። በላቸው ዘንድ ሲደረስ አንበሳው ሃያ አንድ ሞልቶ ነበር።

«አባባ፣ እርስዎስ ስንት አዩ?» አለች ሕይወት።

በላቸው ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

«ደቦሎቹ ለብቻ ይቆጠሩለት» አለ አንዱ ከኋላ። ድንኳኑ ሳቀ። በላቸው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ሰባት አንበሳ የከበበው ሰው እንደዚያ የሚያይ ይመስለኛል።

«አንድ» አልኩ እኔ።

«እርስዎ አብረው ነበሩ?»

«አልነበርኩም። ግን ሲያወራ አርባ ዓመት ቆጥሬዋለሁ። አንበሳው አንድ ነው፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ዞሮ እየመጣ እኛ ደጋግመን ቆጠርነው እንጂ።»

ሕይወት ፈገግ ብላ አንድ ጻፈች። አሥራ ሁለት ያለው ሰውዬ ቀስ ብሎ እጁን አወጣና «የኔዎቹም ሳይዞሩ አልቀሩም» አለ። በሕይወቴ አይቼም ቆጥሬም ሳላረጋግጥ የሰጠሁት ቁጥር ያ ብቻ ነው።

አቃቂ ከተመለስን በኋላ የበላቸው አንበሳ አንድ ሆኖ ቀረ። የሚገርመው ሰፈሩ ማመን ጀመረ፤ በሰባት ያልታመነ ሰው በአንድ ታመነ። ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ስገባ ድንኳን ውስጥ ከብበውት ያወራል። ቆሜ አዳመጥኩ። አንበሳው አንድ ነው፤ በዚህስ አልከዳኝም። ፋኖስ ይዘው ሐዲዱ ላይ የወረዱት ሰዎች ግን ሁለት ሆነዋል፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ።

«ይኸው ጓደኛዬ መጣ» አለ ሲያየኝ። «እሱ ቁጥር አይስትም፤ ጠይቁት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አንድ ነበር» አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።