ቁምሳጥን መርማሪዋ አክስቴ

ቁምሳጥን ሲገዛ የግድ የሚጠየቅ አንድ ሰው የሌለው ዘመድ አዝማድ የለም። የለንም የምትሉ ካላችሁ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ፤ ወይ ደብቃችሁታል፣ ወይ እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። ይህ ሰው አናጺ አይደለም፤ ነጋዴም አይደለም። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ሥልጣኑን ተጋፍቶ መጨረሻው ያማረለት ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

በእኛ ቤት ይህን ወንበር የያዙት ክብርት አክስቴ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ሠላሳ ዓመት ልብስ ስፌት ያስተማሩ ጡረተኛ። በሌሉበት «መርማሪዋ» እንላቸዋለን። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ስሙን አልጠሉትም።

አሮጌ የእንጨት ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ከእሳቸው ጋር የገባ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም። ሻጩ በሩ ላይ ተቀብሎን፣ «ይሄ ቁምሳጥን መቶ ዓመቱ ነው፤ የትልቅ ሰው ቤት ዕቃ ነበር» እያለ ያወድሳል። አክስቴ የትልቁን ሰው ታሪክ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ «ፊቱን ተወውና ጀርባውን አሳየኝ» ይላሉ። ሰውየው፣ ዕቃው ከባድ ነው፣ ግድግዳ ተጠግቷል፣ ሌላ ቀን ይሁን ይላል። አክስቴ አይጨቃጨቁም። ለሽያጭ ከቀረቡት ወንበሮች አንዱን መርጠው ይቀመጡና ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ አርባ ደቂቃ ጠብቀዋል። በመጨረሻ ሁለት ተሸካሚ ተጠርቶ ቁምሳጥኑ ዞረ። አክስቴ በእጅ ባትሪ አበሩበት። ጀርባው አዲስ ኮምፔንሳቶ ነበር።

«መቶ ዓመት የሞላው ፊቱ ነው» አሉት በትህትና። «ጀርባው ገና ጥርስ አላበቀለም።»

ከጀርባ ወደ መሳቢያ ይሄዳሉ። መሳቢያውን ከነነፍሱ መዘው ያወጡና ጉልበታቸው ላይ ይደፉታል። ሳንቃዎቹ የተናከሱባቸውን የማዕዘን ጥርሶች በጣታቸው ይቆጥራሉ። ሁሉም እኩል ከሆኑ ማሽን ነው የሠራው፤ አንዱ ትንሽ ወልገድ ካለ ሰው ደክሞበታል ይላሉ። ከዚያ አፍንጫቸውን ይከታሉ። አንድ ሻጭ እንጨቱን አሮጌ ለማስመሰል ሻይ ቀብቶት ኖሮ፣ ስኳር አብዝተህበታል ብለውታል። በመጨረሻ ከኮሌታቸው ላይ መርፌ ነቅለው የነቀዝ ቀዳዳዎቹን ይወጋሉ። አዲስ ዱቄት ከወረደ «ተከራይ አለው» ብለው ይነሳሉ። አንዱ ብልጥ ነጋዴ ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ ሠርቶት ነበር። ነቀዝ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ ብለው ጠየቁት። ዛሬ ያ ነጋዴ አክስቴን ከሩቅ ሲያይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓትም ቢሆን፣ ምሳ ልበላ ነው ብሎ ሱቁን ይዘጋል።

አማቻችን አንድ ጊዜ አመጸ። ሳያማክራቸው ባለ መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቁምሳጥን ገዛና ኑ እዩልኝ አለ። አክስቴ ሄዱ፤ አንዱን በር ከፈት አድርገው አዩ፤ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ዘጉት። በሦስተኛው ሳምንት በሩ ወደቀ። ዓይናቸው ነው ተባለ። ዓይናቸው አልነበረም። ማጠፊያው የተመታው እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ቺፕውድ ላይ ነበር፤ ላዩን ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡን ለቄስ።

አልዋሽም፣ እኔንም አማርረውኛል። ለእኔ ይሆናል የተባለ አሥራ አንድ ቁምሳጥን ውድቅ አድርገውብኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ልብሴን ወንበር ላይ ቆልዬ ኖሬአለሁ። ሚስቴ ስታገባኝ ከነወንበሩ ነው የተረከበችኝ። አሥራ ሁለተኛው ሲገኝ አክስቴ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘግተው፣ «ይሄ ይቀብርሃል» አሉኝ። ምርቃት መሆኑ ነው።

እንግዲህ እኚህን ሴት ነው ልጆቻቸው ባለፈው ዓመት ሊያዘዋውሯቸው የተነሱት።

ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ወንዱ መሐንዲስ ነው፤ ሴቷ መድኃኒት ቤት አላት። እናታቸው ብቻቸውን መኖራቸው አስጨንቋቸው፣ ከልጅቷ ጋር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዲኖሩ ወሰኑ። አክስቴ እሺ አሉ። ጉልበታቸው እሳቸውን ማማከር ካቆመ ቆይቷል። ቤቱ ተሸጠ፤ አልጋው ለዘመድ ተሰጠ፤ አሁንም እሺ አሉ። ከዚያ ተራው የቁምሳጥኑ ሆነ።

ይህ ቁምሳጥን የዝግባ ነው፤ ባለ ሦስት በር፣ ከሥሩ ሁለት መሳቢያ። አክስቴ ገና ወጣት አስተማሪ ሳሉ፣ በመጀመሪያ ደመወዛቸው፣ ማንንም ሳያስከትሉ ሄደው ያመጡት ነው። መሐንዲሱ ሜትሩን ዘረጋና ከበሩ በአንድ ክንድ እንደሚሰፋ፣ ሊፍት ውስጥማ እንደማይታሰብ አስታወቀ። ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ዕቃ ገዢ መጥቶ ባለበት ፈልጦ እንዲወስደው ተነጋገረ። እህቱ ደግሞ እናቷን ደስ ለማሰኘት ነጭ፣ በሩ የሚንሸራተት የቺፕውድ ቁምሳጥን አዘዘች። አክስቴ፣ ቁምሳጥኔ ካልሄደ እኔም አልሄድም አሉ። ልጆቹ ሳቁ። «እማዬ፣ እንደ ልጅ አትሁኚ» አለቻቸው ልጅቷ።

ዓርብ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ አክስቴ ናቸው። የእንጨት መዶሻ ይዤ እንድመጣ ታዘዝኩ። እኔ ከብዕር የከበደ መሣሪያ ይዤ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ መዶሻውን ከጎረቤት ተውሼ ሄድኩ። አክስቴ ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ከቁምሳጥናቸው ፊት ለፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። እንዲህ ዝቅ ብለው ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ቤቱን ሸጡት፤ ደግ። አልጋዬንም ሰጡት፤ ደግ» አሉኝ። «ሁሉንም ነግረውኝ እንጂ ጠይቀውኝ አይደለም። ይሄ ግን እኔ የመረጥኩት ነው።»

«በሩ አያሳልፈውም እኮ አክስቴ፤ መሐንዲሱ ለክቷል።»

«መሐንዲሱ የለካው ፊቱን ነው» አሉና ተነሱ።

ከጀርባው ገባን። አንድም ምስማር አልነበረውም። ደህና አናጺ የሠራው አሮጌ ቁምሳጥን የሚያያዘው በሽብልቅ ነው፤ በየመጋጠሚያው የተሰካች፣ የጣት ርዝመት ያላት ሹል እንጨት። ሽብልቋን መታ መታ አድርገህ ካስወጣሃት ዕቃው በሙሉ ይፈታል። አክስቴ በጣታቸው ያሳዩኛል፣ እኔ እመታለሁ፤ አንዳንዴ ሽብልቁን፣ አንዳንዴ አውራ ጣቴን። መጀመሪያ አናቱ ተነሳ፤ ቀጥሎ በሮቹ፣ ከዚያ ጎንና ጎኑ። አናጺው በየሳንቃው ውስጥ በእርሳስ ቁጥር ጽፎበት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ያ ተራራ የሚያህል ዕቃ አሥራ አራት ሳንቃ ሆኖ ኮሪደሩ ላይ በተራ ተደግፎ ቆመ።

ቅዳሜ መሐንዲሱ ከዕቃ ገዢው ጋር ሲመጣ ክፍሉ ባዶ ነበር። ዕቃ ገዢው ኮሪደሩ ላይ ያሉትን ሳንቃዎች አየ፤ አንዱን በመዳፉ ዳሰሰው። ባለቤቱ ካልሸጡ እንጨቱን እንደማይነካ ለመሐንዲሱ ነገረውና፣ መጥረቢያውን መኪናው ውስጥ መልሶ፣ ሳንቃዎቹን እስከ ልጅቷ ቤት ጭኖ መሸከሙን አገዘን። እኔ ከሁሉም የከበደውን፣ ሊፍት የማይገባውን ሳንቃ አራት ፎቅ በደረጃ ተሸክሜ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሥራ አንዱም ውድቅ ቁምሳጥኖች ዓይኔ ላይ ሄዱ። ቢሆንም እላችኋለሁ፣ ነገም ቢጠሩኝ እሸከማለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የምትሉኝ ካላችሁ፣ እሺ፣ ሞኝ ነኝ። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ።

ልጅቷ በር ላይ ክንዷን አጣምራ ጠበቀችን። ነጩ ቁምሳጥን ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ሳሎን ቆሟል። ክፍሉ አይበቃም ብላ ጀመረች። አክስቴ ግን ባለፈው ለጥየቃ በመጡ ጊዜ፣ እሷ ሻይ ስታፈላ፣ በልብስ ስፌት ሜትራቸው ግድግዳውንም ጣሪያውንም ለክተው ጨርሰው ነበር። ሦስት ጣት ይተርፋል አሉ። ስንገጥመው በእርግጥም ሦስት ጣት ተረፈ።

የመጨረሻዋ ሽብልቅ ቀረች። መዶሻዬን ሳነሳ አክስቴ እጄን ያዙኝ።

«አጥብቀህ አትምታት።»

«ይላላል እኮ።»

«ይላላ። ኑሮው ካልተስማማኝ ይዤው እወጣለሁ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ በር ላይ ለቆመችውም እንዲሰማ ነበር የተናገሩት። ልጅቷ ክንዷን ፈታች። ቁምሳጥኑን አየች፤ እናቷን አየች። «እማዬ፣ ምን ቢሆን ነው የሚስማማሽ?» አለች።

በዚያ ሁሉ ወር አንድ ሰው አክስቴን ሲጠይቃቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እሳቸውም አዲሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ልጃቸው አጠገባቸው እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቁላት፤ ከዚያ ከመጋረጃው ጀመሩ። ዝርዝሩ ረጅም እንደሚሆን ገባኝ።

እኔ ለማንኛውም ሽብልቋን በአውራ ጣቴ ብቻ ገፋ አድርጌ ተውኳት።